ከየትኛው ልብ ወለድ ውስጥ ገብተን እንጫወት?

የቴሌግራም ግሩፑ ተከፍቷል። ሰው ገብቷል። ስምም ወጥቶለታል። የቀረው «ምን እንጫወት?» የሚለው ብቻ ነው፤ ነገር የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። አንዱ ሃሪ ፖተር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። አንዷ ፍቅር እስከ መቃብር ትላለች። ሌላው ትናንት ማታ ያየውን የኮሪያ ድራማ ይዞ ከች ይላል። ከዚያ ሰው ሁሉ ዝም። ግሩፑም የእንኳን አደረሳችሁ ምስል መለጠፊያ ሆኖ ይቀራል።

እዚያ ላይ ለቆማችሁ ነው የምጽፈው፤ ማርቆስም ሁኑ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላምም ሁኑ ባሕር ዳር፣ ወይም ከጎጃም ወጥታችሁ አዲስ አበባ የከተማችሁ።

ለአዲስ ሰው ያህል፣ የሚና ጨዋታ፣ ልጆቹ ሮልፕሌይ የሚሉት፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ የዚያን ሰው ንግግርና ድርጊት በጽሑፍ የሚያወርድበት ነው። ልጅ ሆነን እቃቃ ስንጫወት «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ከገበያ እንደመጣሁ ልሁን» እንል የነበረው ማለት ነው፤ አሁን በስልክ ሆነ እንጂ። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል። ዝናቡን የሚያዘንበው፣ እንግዳውን ደጅ ላይ የሚያቆመው፣ «ውሻው ተፈቷል» የሚለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይህን ዓይነቱን ጨዋታ ከደንብ መጽሐፍና ከዳይስ ጋር ዓለምን አስለምዷል። ለቴሌግራም ግን ግማሽ ገጽ ደንብ ይበቃል።

አሁን ወደ ምርጫው። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው የሚወደውን መጽሐፍ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ለማንበብ ግሩም የሆነ ታሪክ ለመጫወት እሬት ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት «ደራሲው ለእኛ ምን ያህል ቦታ ትቶልናል?» የሚለው ነው። ታሪኩ ውስጥ ስም ያልተሰጣቸው ብዙ ሰዎች አሉ? ያልተነገረ ጊዜ አለ? ዋናው ባለታሪክ ገለል ቢል ቀሪው ዓለም መንቀሳቀሱን ይቀጥላል? ለሦስቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ተጫወቱት። ታሪኩ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከሆነ ግን አንዱ ይጫወታል፣ አሥሩ ያጨበጭባል።

ሁለተኛው ነገር የእኛው ኑሮ ነው። መብራት ይሄዳል። ኔት ይጠፋል፤ አንዳንዴ ለሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ። ተማሪው ፈተና አለበት። ቤተሰቡ ጋ ወርዶ አጨዳ የሚያግዝም አለ። ስለዚህ ሁሉም ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ካልተገናኘ የማይሄድ ጨዋታ እኛ ጋ አይሰራም። አንድ ሰው ሲጠፋ ታሪኩ ሳይቆም መጠበቅ የሚችል መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ የምመዝናቸው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ፍቅር እስከ መቃብር

ከሁሉ በፊት እሱን ላንሳ፤ ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ እሱን መዝለል አይቻልም። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ያላነበበው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል፤ ወይም እናቱ የሰማችውን ነግራዋለች። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግሩፑ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻ ማን እንደሆኑ ማስረዳት አያስፈልግም። ማንኩሳም ያው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ አለች፤ ዲማ ጊዮርጊስም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አለ። ካርታ መፍጠር አይጠበቅባችሁም።

ችግሩ የሚጀምረው ሚና ሲከፋፈል ነው። ሴቶቹ ሁሉ ሰብለ ወንጌል፣ ወንዶቹ ሁሉ በዛብህ፣ ነገር የሚወደው ሁሉ ጉዱ ካሳ መሆን ይፈልጋል። ሦስት ወንበር፣ አሥራ አምስት ሰው። ደግሞ መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። የሚያውቁትን መጨረሻ በጽሑፍ መድገም ጨዋታ ሳይሆን የክፍል ሥራ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አራቱን ትላልቅ ሰዎች፣ በዛብህን፣ ሰብለን፣ ጉዱ ካሳንና ፊታውራሪን፣ ለማንም አትስጡ። እነሱን አጫዋቹ ይያዛቸው፤ አልፎ አልፎ ብቅ ይበሉ። እናንተ ሌሎቹን ሁኑ። መጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ በገበሬው ላይ አዲስ ግብር ይጥላሉ፤ ገበሬው እምቢ ይላል፤ ነገሩ እስከ ጦርነት ይደርሳል። ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። አንዱ ጭቃ ሹም ነው፤ ከላይም ከታችም ይገፋል። አንዷ የፊታውራሪ ቤት ወጥ ቤት ናት፤ የሚወራውን ሁሉ ትሰማለች። አንዱ ልጁን ሊድር የደገሰ ገበሬ ነው፤ ግብሩን ከከፈለ ድግሱ ይቀራል። አንዱ የዲማ ተማሪ ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ ስለሚችል ሁለቱም ወገን ይፈልገዋል። እንክፈል? እንለምን? እንሸፍት? መልሱን ደራሲው የሰጠው ለራሱ መጽሐፍ እንጂ ለእናንተ መንደር አይደለም።

ሌላም ጥቅም አለው። ታሪኩ ስልክና መኪና ከመንደሩ ሳይደርስ የነበረ ነው። ከማንኩሳ ዲማ በእግር የቀናት መንገድ ነው። ሞጣ ያለው ተጫዋች ኔት ጠፍቶበት ቢሰወር «መልእክተኛው ገና መንገድ ላይ ነው» ትላላችሁ፤ አለቀ። የዘገየ ኔት ለድሮ ታሪክ ይመቻል። የዘመኑን የስለላ ታሪክ ከመረጣችሁ ግን የሰውየው መጥፋት ራሱ ጥርጣሬ ይሆናል።

አንድ ደንብ ግን አጥብቁ፤ አነጋገር። ፊታውራሪን «አንተ» ያለ ገበሬ ጨዋታውን አፈረሰው ማለት ነው። ለጌታ «እርስዎ»፣ ለመምህር «የኔታ»፣ ለታላቅ «አያ እገሌ»። ለዚያ ዘመን ሰው የማይሆን «ኦኬ» እና «ሼም ነው» ሲገባ አጫዋቹ ትንሽ ቅጣት ይጣል። ሳቁ ብቻ ይበቃል።

ሸርሎክ ሆልምስን ወደ አፈርሳታ

የወንጀል ምርመራ ታሪክ የሚጠላ ሰው አላየሁም። ሸርሎክ ሆልምስ ከእ.ኤ.አ. 1887 ጀምሮ ሰው ሲያስገርም አለ። ለቡድን ጨዋታ ግን እንዳለ ከወሰዳችሁት ይከሽፋል። ብልኅ አንድ ብቻ ነው። ሌላው «እንዴት አወቅህ?» ለማለት ብቻ የተቀመጠ ነው። በዚያ ላይ አጫዋቹ እውነተኛ እንቆቅልሽ መፍጠር አለበት፤ ይሄ ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። ፍንጩ ከቀለለ ወዲያው ያልቃል፤ ከከበደ ሁሉም ይሰላቻል።

እኔ የምመርጠው ወንጀሉን ይዞ መርማሪውን መጣል ነው። በመርማሪው ፋንታ አፈርሳታ አስቀምጡ። አፈርሳታን፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝን፣ አያቶቻችን ያውቁታል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል ያገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚጠረጥረውን ፊት ለፊት መናገር የፈራ ሰው በምስጢር ይጠቁማል። አሁን ይህን ወደ ቴሌግራም አምጡት። ጥቆማው ለአጫዋቹ በግል ይላካል። እሱ ደግሞ ሜዳው ላይ «ወፍ እንዲህ ብላኛለች» ብሎ ግማሹን ብቻ ይናገራል።

ልብ በሉ፣ ይህ ከማፊያ ጨዋታ ጋር ወንድማማች ነው። ማፊያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ የሥነ ልቦና ተማሪ ሞስኮ ውስጥ ፈጠረው። ጥቂቶች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ብዙዎቹ ማንንም አያውቁም፤ ቀን ቀን ይካሰሳሉ። የማፊያ ድክመት «የሞተ» ተጫዋች ከጨዋታ መውጣቱ ነው። በአፈርሳታ ማንም አይሞትም። የተከሰሰው ዋስ ይጠራል፣ ጠበቃ ይይዛል፣ ይከራከራል። ክርክሩን በእሰጥ አገባ ካደረጋችሁት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። «በላ ልበልሃ!» ብሎ ተነስቶ፣ በማር በበቅሎ ተወራርዶ፣ ቤት በሚመታ ቃል ባላጋራውን የሚያፋጥጥ ተጫዋች አንድ እንኳ ካላችሁ ሰው ስልኩን አያስቀምጥም። የድምፅ መልእክት የምፈቅደው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ይህ ክርክር ተጽፎ አይጠገብም፤ መሰማት አለበት።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። አጫዋቹ የሚያዘጋጀው ሌባው ማን እንደሆነና ሁሉም የሚደብቀው አንድ አንድ ትንሽ ምስጢር ነው። አንዱ በዚያች ሌሊት ከቤቱ አልነበረም፤ ግን የሄደው ሊሰርቅ ሳይሆን ሊበደር ነው፤ ያን ደግሞ ሚስቱ እንድትሰማ አይፈልግም። እንዲህ ዓይነት ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ከተላከ ቀሪውን ሰዎቹ ራሳቸው ያቦኩታል።

ሃሪ ፖተር፣ ግን ቅኔ ቤት ውስጥ

ወጣት ከበዛ ይህን ሐሳብ አትሸሹትም። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ፤ ሰባተኛው በ2007። ፊልሙን ያላየ ጥቂት ነው። ለጨዋታ ደግሞ የተመቸ ነው። ትምህርት ቤት ነው፤ ስለዚህ ስም የሌለው ተማሪ ሞልቷል። ከሃሪ በፊትም በኋላም ያለው ዘመን ክፍት ነው። ተማሪዎቹ የሚመደቡባቸው አራቱ ቤቶች ሰውን ወዲያው በቡድን ይከፍሉታል፤ ፉክክር በራሱ ይመጣል። አዲስ ሰው መሃል ላይ ቢገባ «አዲስ ተማሪ መጣ» ነው። ቦታ በመተው ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ሁላችንም የማናውቀውን የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት እንጽፋለን። ምን ይበላሉ? በረዶው እንዴት ነው? ጽሑፉ ከፊልሙ የተቀዳ ይሆናል። እኛ ደግሞ የራሳችን አዳሪ ትምህርት ቤት እያለን!

ጎጃም የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ትምህርት በየቤቱ ይለያል፤ የዋሸራ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋድላ ቤት ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። በሉ፣ እነዚህን ሦስቱን ቤቶች አድርጓቸውና ተማሪዎቹን አስገቡ። ተማሪው ከቤተሰቡ ጠፍቶ የመጣ ነው። ደበሎ ለብሷል፣ አኩፋዳ አንጠልጥሏል። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል። አጫዋቹ ዳይስ ይጥላል፤ አንድ ከወጣ ውሻ ነክሶት ይመለሳል፣ ስድስት ከወጣ ሙሉ እንጀራ ከነወጡ። ማታ ጎጆ ውስጥ ቁራሽ ይካፈላሉ፤ ማን ደበቀ፣ ማን አካፈለ የሚለው ብቻ የሳምንት ታሪክ ይወጣዋል። ውድድሩ በቅኔ ነው። ግዕዙ ለሁላችንም ስለማይሆን በአማርኛ፣ እንደ ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ብቻ፣ ሰሙና ወርቁ የተለየ። ዳኛው የግሩፑ ድምፅ ነው። አስማት የለም። ሰውን በቃል ማሸነፍ ግን አለ፤ ለእኔ ከሃሪ የአስማት ዱላ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ጸሎቱን ድግምት፣ የኔታን ጠንቋይ አታድርጉ። ግሩፑ ውስጥ እውነተኛ የአብነት ተማሪ ወይም የካህን ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ደግሞም ይኖራል። ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ቅያሜ ይሆናል። የምትፈሩ ከሆነ ቦታውን ፈጠራ አድርጉት፤ የደብሩን ስም ራሳችሁ አውጡ።

ዴርቶጋዳና የጣና ምስጢር

የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ የጣናን ገዳማት ከስለላ ዓለም ጋር ያጋጨ መጽሐፍ ነው። ራማቶሓራ ተከትሎታል። ብዙ ወጣት መጽሐፍ ማንበብ የጀመረው በእሱ ነው ቢባል አልከራከርም። ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ሐይቁ ደጃችሁ ነው።

ለጨዋታ ሲሆን ግን ይከብዳል። የስለላ ታሪክ የሚኖረው በምስጢር ነው፤ ምስጢሩን ደግሞ አጫዋቹ ብቻውን ይሸከማል። ማን ለማን እንደሚሰራ፣ ማን ምን እንዳወቀ በደብተር መያዝ አለበት። አንድ ሰው የግል መልእክቱን ስክሪንሹት አድርጎ ለጓደኛው ከላከ ጨዋታው ፈረሰ። ይሄ ደግሞ አይቀርም። መጽሐፉን ላላነበበም ጨዋታው ደስታውን ያበላሽበታል፤ የመጽሐፉ ጣዕም ድንገቴው ላይ ነውና።

ካማራችሁ ሴራውን ተዉትና «ከጣና በታች የተደበቀ ነገር አለ» የሚለውን ብቻ ውሰዱ። ሐይቁ ራሱ ያግዛችኋል። ለምሳሌ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ሰላይዋ ሴት ከሆነች በምን ዘዴ መልእክት ታገኛለች? በዘጌ በኩል? በታንኳ ቀዛፊው? ማንም ሳይፈጥረው የተገኘ መሰናክል ነው። ልምድ ያለው አጫዋች ካላችሁና ሰዉ ከስምንት ካልበለጠ ሞክሩት። ለጀማሪ ግሩፕ አልመክርም።

እነዚህን በአጭሩ

ዘ ሀንገር ጌምስ፦ ከ12 አውራጃ ሁለት ሁለት ወጣት፣ 24 ሰው ይገባል፣ አንድ ይተርፋል። የተሸነፈው ይወጣል፤ ማለትም ጨዋታው እየጣመ ሲሄድ ግሩፑ ባዶ እየሆነ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ወጣት ወጣትን እያደነ የሚገድልበት ጨዋታ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር፣ አያስደስተኝም። የተኩስ ድምፅ እውነት የሆነበት ሰው ግሩፑ ውስጥ አለ። ለኔ ይቅር።

የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ፦ ትልቅ መጽሐፍ። ግን ጦርነትና ፖለቲካ ነው። ሦስት ቀን ሳይሞላ ገጸ ባሕርዮቹ ተረስተው ሰዎቹ ራሳቸው ይጣላሉ።

የቱርክና የኮሪያ ድራማ፦ ሴራው ጥሩ፣ ስሜቱ ሞቅ ያለ። ሆኖም ወንበሩ ጥቂት ነው፤ ሁለት ፍቅረኛ፣ አንድ ቀናተኛ፣ አንድ ክፉ አማት። አራት አምስት ለሆናችሁ የቅርብ ጓደኞች ያምራል፤ ለትልቅ ግሩፕ አይሆንም።

ፍቅር ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል። ከተማችን ትንሽ ናት። አንዲት ልጅ ጨዋታ ላይ የጻፈችው የፍቅር ቃል በማግስቱ ካፌ ውስጥ «እሷኮ ከእገሌ ጋር…» ይሆናል። ስለዚህ የፍቅር ትዕይንት እስከ ምን ድረስ እንደሚጻፍ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ካለበት ጭራሽ ይቅር። በብዕር ስም መጫወት የፈለገን ማንነቱን አታስወጡት። የግሩፑን ጽሑፍ ውጭ ማሰራጨት ከደንቡ አንደኛው ክልክል ይሁን።

እንዴት ትወስናላችሁ?

«ሐሳብ አምጡ» ብላችሁ ብቻ አትለቁት፤ የመጽሐፍ ስም ዝርዝር ነው የምታገኙት። እያንዳንዱ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ እኛ ማን ነን፣ የት ነን፣ ምን ጎደለን። «የአንድ ደብር ተማሪዎች ነን፣ የኔታ ታመዋል፣ ጉባኤው ሊበተን ነው።» ይሄ ጨዋታ ነው። «ሃሪ ፖተር!» ብቻ ግን ጨዋታ አይሆንም። ከዚያ የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ክፈቱ፤ ከአንድ በላይ መምረጥ የሚፈቅደውን። ብዙ ሰው በጣም የወደደውን ሳይሆን ጥቂት ሰው የጠላውን ውሰዱ። ግማሹ ያበደለት፣ ግማሹ ያኮረፈበት ሐሳብ ሩቅ አይሄድም።

ዕቃው እዚያው ስልኩ ላይ አለ። የዳይስ ኢሞጂ ብቻውን ስትልኩ ቁጥሩን የሚያወጣው ቴሌግራም ራሱ ነው፤ ማጭበርበር የለም። ግሩፑን በርዕስ መከፋፈል ይቻላል፤ አንዱ ለጨዋታው፣ አንዱ ለወሬ። ካልለያችሁት ገበሬው ለፊታውራሪ ሲሰግድ መሃል ላይ «የማርቆስ መብራት መጣ?» ይገባል። አስተዳዳሪ ለሆነ ሰው ከስሙ ጎን አጭር ማዕረግ ማስገባትም ይቻላል፤ «ጭቃ ሹም» የሚል ጽሑፍ ከስሙ ጎን ሲታይ ሰውየው ራሱ ይኮራል። ለማስተዳደር ሳይሆን ለማዕረጉ ብቻ ከሆነ ሌሎቹን ፈቃዶች ሁሉ አጥፉበት።

መጽሐፉን ላላነበቡት አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጻፉላቸው። ፒዲኤፉን ግን አትበትኑ። በሕይወት ያለ ደራሲ በዚያው እንጀራ ነው የሚኖረው።

አሥር ሰው ካላችሁና ማናችሁም ከዚህ በፊት ካልተጫወታችሁ አፈርሳታውን ጀምሩ፤ በሳምንት ውስጥ ያልቃል፣ ማን እንደሚጽፍና ማን ዝም ብሎ እንደሚያነብ ታውቁበታላችሁ። ከአሥራ አምስት በላይ ከሆናችሁና ወጣት ከበዛ ቅኔ ቤቱ ይሻላል፤ ሰው ቢገባ ቢወጣ አይጎዳውም። ድብልቅ ዕድሜ ከሆናችሁ፣ አንድ ሁለት ታላላቅ ሰዎችም ካሉበት፣ የፍቅር እስከ መቃብሩን መንደር ውሰዱ፤ ስለ ግብርና ስለ ጭሰኛ ኑሮ ከቤተሰቡ የሰማው ያለ ሰው ከማንም የተሻለ ይጽፋል። የጣናውን ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩት። ጊዜውን ደግሞ ፈተና ካለቀ በኋላ አድርጉት፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሲገባ ሰው ቤቱ ይውላል፣ ስልኩም እጁ ላይ ነው።